ከመከራ በኋላ ስለሚቀር የልብ ቍስል

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቍጣ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፎ እናገኛለን። ይህ ሰው ጥቂት ቀን አስቀድሞ በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳትን ከሰማይ ያወረደ ነውና እምነት ጐድሎት ነው ሊባል አይቻልም። መልአኩም ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ተግሣጽን አላስቀደመም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፥ በልቶም እንዲተኛ ተወው፥ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣለት ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን የጌዴኦ ምድር ነው። በይርጋ ጨፌ ወረዳ ያለችው አሪቻ ቡናዋ በባሕር ማዶ ሳይቀር ስሟን ያስጠራላት መንደር ናት፤ ቡናው ከእንሰቱ ጋራ በረዣዥም ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ወር ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሕዝብ ከቀዬው ተነቀለ፤ የተፈናቀለውም ሰው ቍጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ይርጋ ጨፌ፥ ገደብ፥ ኮቸሬና ዲላ በስደተኛ ተሞሉ፤ ትምህርት ቤቱ፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ተሠርቶ ያላለቀው ሕንጻ ሁሉ መጠለያ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. አብዛኛው ሰው ወደ ቦታው ተመለሰ። በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ ጎንዶሮ የሚባል የቈየ የዕርቅ ሥርዓት አለ። ይሁን እንጂ ዕርቅ የሚያበርደው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ነው፤ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ተሸሽጎ የቀረው ድንጋጤ ሌላ መድኃኒት ይሻል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በጌዴኦ ከተጠየቁት ተፈናቃዮች ከግማሽ የሚበልጡት የዚህ ሕመም ምልክት እንደ ታየባቸው ገልጿል። መጠይቅ ሐኪም በአካል መርምሮ የሚሰጠውን ቃል አይተካም፤ ቢሆንም ቍጥሩ ግማሽ ብቻ እንኳ ቢቀነስለት ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሕመሙ በምን ይታወቃል? በአሪቻ ቡና የሚለቅም አንድ የተመለሰ ሰው ነበር ብለን በምሳሌ እናስብ። ወሩ ኅዳር ነው፤ እሸት ቡናው ቀልቶአል፤ የመፈልፈያው ሞተር በድንገት ሲነሣ ይህ ሰው ቅርጫቱን ጥሎ ወደ እንሰቱ ውስጥ ይገባል። ሞተር መሆኑን ያውቃል፤ ሰውነቱ ግን አላወቀም። ሌሊት ይቃዣል፥ ይባንናል፤ በሽሽቱ ጊዜ ያየውን ነገር እንደ ትዝታ ሳይሆን አሁን እንደሚሆን ነገር ያየዋል። በሸሸበት መንገድ ማለፍን ትቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ልጁ ድንገት ሲስቅ ይቈጣል፥ ተቈጥቶም ያለቅሳል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሚስቱን የሚያሳዝናት ግን ሌላ ነው፤ ሰው ቢሞት አያዝን፥ ሰው ቢወለድ አይደሰት፤ በማኅበሩም ጽዋ ዙሪያ ተቀምጦ የሌለ ያህል ነው። እንቅልፍ እንዲወስደው አረቄ ይጠጣል፤ አረቄውም የባሰውን ሌሊት ያመጣበታል።

ብዙዎች ደግሞ ልቤ ታመመ አይሉም። ራሴን ይፈልጠኛል፥ ልቤን ይመታኛል፥ ሰውነቴን ያቃጥለኛል ብለው ይሄዳሉ፤ የጨጓራ መድኃኒትም ተቀብለው ይመለሳሉ። ሕፃናትም በአፋቸው አይናገሩትም፤ ሽንታቸውን መቈጣጠር ጀምረው የነበሩት መኝታቸውን ያረጥባሉ፥ ከእናታቸው ቀሚስ አይለዩም፥ ያዩትን ክፉ ነገር እየደጋገሙ ይጫወቱታል።

ነገር ግን የተደናገጠ ሁሉ ታማሚ ነው ብለን የምንናገር እንዳይመስል። መከራ ባለፈ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና እንቅልፍ ማጣት የሰው ባሕርይ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዘመድና በጎረቤት መካከል፥ በሥራውና በጸሎቱ እየተጽናና ይበረታል። ምልክቱ ከአንድ ወር አልፎ ሲዘልቅና ሰውየውን ከሥራው ወይም ከቤተ ሰቡ ሲለየው ግን እርዳታ መፈለግ ይገባል። በአንዳንዱም ሰው ወራት ካለፉ በኋላ፥ ሁሉ ነገር ጸጥ ካለ በኋላ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ አሁን ምን አገኘው ብሎ መደነቅ አይገባም።

በእኛ ዘንድ ግን ለዚህ ቍስል የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። አንዱ ቡዳ ነው፥ ሁለተኛው ጋኔን ነው፥ ሦስተኛው እምነቱ ቢጸና ኖሮ ይረሳው ነበር ይላል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ነው፤ የቈሰለው ሰው ራሱን አስቀድሞ የሚከስበት ቃል ነውና። ጠበሉንና ጸሎቱን እንደ ልማዳችን እንሻለን፤ ነገር ግን ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው የሐኪም መድኃኒቱን ይጣል የሚል ትእዛዝ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋራ እንዲወስዱ በይፋ በመከሩ ጊዜ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረዋል። ኢየሱስ ልጀ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ጽፎልናል። ለአጥንት ስብራት ሐኪም የምንሻ ከሆነ ለዚህ የማንሻበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከሐኪሙ በፊት ግን ጎረቤትና የንስሐ አባት አሉ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ተቀመጡ፤ እንደ እኛ አሳብ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ኋላ አፋቸውን ከፍተው በበደልህ ነው ማለት በጀመሩ ጊዜ ተሳሳቱ። የአገራችን ሰው ለቅሶ መድረስን ያውቃል፤ ቡና አፍልቶ ሳይናገር አብሮ መዋልን ያውቃል። ይህን ማድረግ እንጂ፥ እንዴት ነበር፥ ማንን አየህ፥ ስንት ሰው ሞተ እያሉ መመርመር አይገባም፤ ይህ ቍስልን በጥፍር መቧጨር ነው። ሲናገር መስማት፥ ዝም ሲል አለማስገደድ፥ ያለቀሰ እንደ ሆነም በቃህ አለማለት ነው። የሸሸ ሰው ብዙ ጊዜ ሬሳውን በወግ አልቀበረም፥ ለቅሶም አልተቀመጠም። ካህናት ዓመታት ቢያልፉ እንኳ ፍትሐቱንና ተዝካሩን በስሙ ቢያደርጉለት፥ ጎረቤቱም የዘገየውን ለቅሶ ቢደርስለት፥ ብዙ ሸክም ይቀልለታል ብለን እናምናለን። የንስሐ አባትም በምስጢር የሰማውን በምስጢር ይጠብቅ።

በንስሐ ውስጥ ሰው፥ ሞቴን ተመኘሁ ያለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ለነገ አይባልም። ኃጢአት ነው ብሎ ማስፈራራት ሰውየውን ሁለተኛ እንዳይናገር ያደርገዋል። ተናግሮ ነፍሱን የማዳን መንገድ ስለ ከፈተ ሊመሰገን ይገባዋል። ብቻውን እንዳይቀር፥ ገመድና ፀረ ተባይ መርዝ ከአጠገቡ እንዲርቅ፥ በዚያው ቀንም ወደ ሕክምና እንዲደርስ፥ ከፈቃዱ ጋራ የቅርብ ዘመዱን መጥራት ያስፈልጋል።

የሕክምናው መንገድ ሰው እንደሚፈራው ሩቅ አይደለም። አማኑኤል ገባ የሚለው ፌዝ ብዙ ሰው በቤቱ ተሸሽጎ እንዲሠቃይ አድርጎአል፤ በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ግን የሕክምና ቤት ነው እንጂ የውርደት ቦታ አይደለም፤ ዛሬም የአእምሮ ሕክምና በእርሱ ብቻ አይደለም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። የዚህ ሕመም ዋና ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋራ በቀስታ እየተነጋገሩ የሚፈጸም ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱ መድኃኒት ይታከልበታል። ከጎረቤት የተዋሱትን የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥ፥ የታዘዘውንም በገዛ እጅ ማቋረጥ ጕዳት አለው።

በአሪቻ አንድ ችግር ይቀራል። ንግግሩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሰውየው ሳምንት በሳምንት ወደ ዲላ ሊመላለስ ነው፤ እሸት ቡና ደግሞ ቀልቶ አይጠብቅም። ስለዚህ መልአኩ ለኤልያስ እንጎቻውን ያስቀደመበትን ሥርዓት የሚያስብ ማኅበር ከምክር አስቀድሞ የመንገዱን ገንዘብ ያዋጣለት፤ እርሱ በሄደበት ቀንም ቡናውን ይልቀምለት፥ በአልጋው ላይ የተሰጣውንም ያገላብጥለት።