ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማገናኘት፦ የሚቻለውና የሚፈቀደው

ሁለት ሰዎች የእጅ ሬዲዮ፣ በተለምዶ ዎኪቶኪ የምንለውን፣ ይዘው አንዱ ከእንጦጦ በስተደቡብ ሽሮ ሜዳ፣ ሌላው ከእንጦጦ በስተሰሜን ሱሉልታ ቆመዋል እንበል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ያን ያህል ሩቅ ባይሆንም ተራራው ሞገዱን ስለሚጋርደው አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ከተራራው አናት ላይ ሆኖ የአንዱን ድምፅ የሚቀበልና ወዲያው አጉልቶ ለሌላው የሚያስተላልፍ መሣሪያ ቢተከል ግን ግንኙነቱ ይቀጥላል። ይህ መሣሪያ ሪፒተር ይባላል።

አሁን ጥያቄውን አንድ እርምጃ እናራምደው። ይህን ሪፒተር በሌላ ከተማ ካለ ሪፒተር ጋር በኢንተርኔት ብናገናኘውስ? በኪስ የሚያዝ ትንሽ ሬዲዮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል ማለት ነው። ሥራው መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ዕውቀት ላለው ተማሪ ከባድ አይደለም። ነገር ግን «ይቻላል ወይ?» የሚለውና «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ለማሳያነት የምንወስደው ጉዳዩ በስፋት ያከራከረባትን አገር፣ ዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካን ነው።

ሪፒተር እንዴት ይሠራል?

እጅግ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው የሬዲዮ ሞገዶች በአብዛኛው የሚጓዙት በቀጥታ መስመር ነው። ስለዚህ የመገናኛው ርቀት በአንቴናዎቹ ከፍታ ይወሰናል። በሜዳማ ቦታ ይህን ርቀት በኪሎ ሜትር ለመገመት የእያንዳንዱን አንቴና ከፍታ በሜትር ወስደን ስኩዌር ሩቱን እናወጣለን፤ ሁለቱን ደምረን በ4.12 እናባዛለን።

ሁለቱም አንቴናዎች ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ቢሉ ውጤቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛፍና ሕንፃ ባለበት ስፍራ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አንደኛው አንቴና 100 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል ግን 41.2 እና 5.0 ተደምረው 46 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ሪፒተር በተራራ ወይም በረጅም ሕንፃ አናት ላይ የሚተከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሪፒተር በአንድ ጊዜ ይቀበላልም፣ ያሰራጫልም። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለቱን ቢሠራ የራሱ ስርጭት የራሱን መቀበያ ያደነቁረዋል። ስለዚህ የሚቀበልበትና የሚያሰራጭበት ፍሪኩዌንሲ የተለያዩ ናቸው። መቀበያው ሊሰማው የሚገባው ምልክት በ50 ኦም ላይ 1 ማይክሮቮልት ቢሆን ኃይሉ ከአንድ ትሪሊዮንኛ ዋት እንኳ ያነሰ ነው፤ ከጎኑ ያለው ማሰራጫ ደግሞ እስከ 50 ዋት ሊያወጣ ይችላል። ይህን ታላቅ ልዩነት ለመለየት በአንቴናውና በመሣሪያው መካከል ዱፕሌክሰር የሚባል ማጣሪያ ይገባል።

የቤተሰብ ሬዲዮ በአሜሪካ

በአሜሪካ ስፔክትረምን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍ.ሲ.ሲ.) ለግለሰቦች ከፈቀዳቸው የሁለት አቅጣጫ ሬዲዮ አገልግሎቶች አንዱ ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ይባላል። አገልግሎቱ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ለሪፒተር የተመደቡለት ጥንድ ፍሪኩዌንሲዎች ስምንት ብቻ ናቸው። ሪፒተሩ ከ462.550 እስከ 462.725 ሜጋኸርዝ ባሉት ያሰራጫል፤ ከእያንዳንዳቸው 5 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ ደግሞ ይቀበላል። ስምንት የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንሻለን፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና።

ፈቃዱን ለማግኘት ፈተና አያስፈልግም። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ ማመልከቻ ማቅረብና ክፍያ መፈጸም ይጠበቅበታል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ከ70 ዶላር ወደ 35 ዶላር ዝቅ ተደርጓል። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ የቅርብ ቤተሰብንም ይሸፍናል። ስለዚህ ዕድሜው ለ18 ያልደረሰ ልጅ በወላጁ ፈቃድ ሥር ሊነጋገር ይችላል። ተጠቃሚው ንግግሩ ሲያበቃ፣ ንግግሩ ከረዘመም በየ15 ደቂቃው የጥሪ ምልክቱን መናገር ግዴታው ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ኤፍ.አር.ኤስ. የተባለው አገልግሎት ነው። እርሱ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ኃይሉ ከ2 ዋት አይበልጥም፣ ሪፒተርም መጠቀም አይችልም። ሁለቱ አገልግሎቶች 22 ቻናሎችን ይጋራሉ። ስለሆነም በሪፒተር የሚነጋገር ሰው በአቅራቢያው ያለ ሕፃን ከገበያ በተገዛ መጫወቻ መሰል ሬዲዮ የሚናገርበትን ቻናል ጭምር እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ በኢንተርኔት እንዴት ይሻገራል?

ሪፒተሩ የተቀበለው ድምፅ ከማሰራጫው በተጨማሪ ወደ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እንዲገባ ይደረጋል። ኮምፒውተሩ የድምፁን መጠን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ8 ቢት ይጽፋል። ይህም በሰከንድ 64,000 ቢት ነው። ልኬቶቹ በ20 ሚሊሰከንድ እየተቆረሱ ቢላኩ እያንዳንዱ ጥቅል 160 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ በሰከንድም 50 ጥቅሎች ይሄዳሉ። ዛሬ ለምንጠቀምበት ኢንተርኔት ይህ ቀላል ጭነት ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር ጥቅሎቹን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይመልሳቸዋል፤ ማሰራጫውንም «አብራ» ብሎ ያዛል። አሥር ሪፒተሮች ከአንድ ሰርቨር ጋር ቢገናኙ አንዱ ጋ የተነገረው ቃል በቅጽበት በአሥሩም ስፍራ ይሰማል። እንግዲህ ከቴክኒክ አኳያ «ይቻላል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎን ነው።

ደንቡ ምን ይላል?

አገልግሎቱ የሚመራበት የኤፍ.ሲ.ሲ. ደንብ ክፍል 95 ነው። በዚሁ ክፍል ቁጥር 95.1749 መሠረት የጂ.ኤም.አር.ኤስ. ሪፒተር ከስልክ ወይም ከሌላ ኔትወርክ ጋር ሊገናኝ የሚችለው ለአንድ ዓላማ ብቻ፣ ማለትም ከርቀት ለመቆጣጠር ነው። የሪፒተሩ ባለቤት ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት መሣሪያውን ማጥፋት፣ ማብራት ወይም ማስተካከል ይችላል። የተጠቃሚዎችን ንግግር በዚያው መስመር ማጓጓዝ ግን አይፈቀድለትም። ልዩነቱን በአጭሩ ለማስታወስ፦ ትእዛዝ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ንግግር አይሄድም።

ይህ ድንጋጌ ለዓመታት በተለያየ መንገድ ሲተረጎም ቆይቷል። አንዳንዶች የተከለከለው የስልክ ጥሪን ከሬዲዮ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው በማለት ብዙ ከተሞችን የሚያያይዙ መረቦች ዘርግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሚሽኑ በሰጠው ማብራሪያ ኢንተርኔት ደንቡ «ሌላ ኔትወርክ» ከሚላቸው አንዱ መሆኑን፣ ስለዚህም የንግግሩን ክልል ለማስፋት ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማያያዝ እንደማይፈቀድ ገልጿል። ከዚህ በኋላ ከመረባቸው የተላቀቁ ሪፒተሮች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። «ፈቃድ አለኝና የፈለግሁትን መሥራት እችላለሁ» የሚል አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ፈቃድ ማለት በአንድ የተወሰነ አገልግሎት ውስጥ፣ በተወሰነ አኳኋን ለመጠቀም የተሰጠ መብት ነው። አሥር ባለፈቃዶች ቢሰበሰቡም የአንዱ ፈቃድ ያልሰጠውን መብት በድምር አያገኙትም።

ምክንያቱን በስሌት እንየው

ክልከላው ያለ ምክንያት የተጣለ ሊመስለን ይችላል። ለመመዘን አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ።

በአሥር ከተሞች አሥር ሪፒተሮች አሉ እንበል። በእያንዳንዱ ከተማ ያሉ ተጠቃሚዎች በሰዓት 6 ደቂቃ ብቻ ይነጋገራሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ሪፒተር በሰዓት 54 ደቂቃ ክፍት ነው፤ አዲስ ተናጋሪ በቀላሉ ቦታ ያገኛል። አሁን አሥሩን በኢንተርኔት እናያይዛቸው። በአንዱ የሚነገረው ሁሉ በሌሎቹም ስለሚሰራጭ እያንዳንዱ ሪፒተር የአሥሩንም ንግግር ይሸከማል። 10 ሲባዛ በ6፣ 60 ደቂቃ ነው። ማንም ከበፊቱ አንዲት ደቂቃ አብልጦ ሳይናገር አሥሩም ቻናሎች ሙሉ ሰዓቱን ተይዘዋል፤ ክፍት የቀረ ጊዜ የለም።

በስፋትም እንለካው። ቀደም ሲል ያገኘነውን 46 ኪሎ ሜትር እንደ ራዲየስ ብንወስድ አንድ ሪፒተር 6,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ክልሎቻቸው ካልተደራረቡ አሥሩ ሲያያዙ አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚያደርገው ጨዋታ በ66,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቻናሉን ይይዛል። ያሉትም ጥንዶች ስምንት ብቻ መሆናቸውን አንርሳ። ሰፊ መረቦች ሲበዙ በአንድ ከተማ ለአካባቢው ነዋሪ የሚተርፍ ጥንድ ላይገኝ ይችላል።

ከዚህ ሌላ የመደማመጥ ችግር አለ። በጋራ ቻናል መጠቀም ልክ እንደ መንደር ምንጭ ነው፤ ሰው ወረፋውን የሚጠብቀው ቀድሞት የቆመውን ሲያይ ነው። ሬዲዮ ያዡም ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ቻናሉ ከተያዘ ይታገሣል። በኢንተርኔት የመጣ ድምፅ ግን ከሩቅ የሚናገር በመሆኑ ተናጋሪው በዚያ አካባቢ ማን እየተነጋገረ እንዳለ አይሰማም። ሳያውቅ በሌላ ሰው ንግግር ላይ ይናገርበታል።

«ለአደጋ ጊዜስ?»

የመረብ ደጋፊዎች ዋነኛ መከራከሪያ የአደጋ ጊዜ ነው። ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ የአንዱ ከተማ ጥሪ በሌላው ቢሰማ እርዳታ ሊፋጠን ይችላል ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ አደጋው የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መስመሮችን ከቆረጠ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተው መረብ አብሮ ይወድቃል፤ በባትሪ የሚሠራ ብቸኛ ሪፒተር ግን በአካባቢው ማገልገሉን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የተጎዳ ሰው «ድረሱልኝ» ሊል አዝራሩን ሲጫን ቻናሉ ከሩቅ በመጣ ተራ ጨዋታ ተይዞ ሊያገኘው ይችላል። በዚያች ደቂቃ ለእርሱ የሚያስፈልገው 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ አድማጭ አይደለም፤ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነው።

ለማያያዝ የሚሻ ሰው የት ይሂድ?

ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማያያዝ ሕጋዊ የሆነበት ቤት አለ፤ እርሱም አማተር ሬዲዮ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው አይ.አር.ኤል.ፒ.፣ በ2002 ደግሞ የወጣው ኤኮሊንክ የአማተር ጣቢያዎችን በኢንተርኔት ሲያገናኙ ኖረዋል። አማተሮች ከጂ.ኤም.አር.ኤስ. ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ ስፔክትረም ተመድቦላቸዋል። በአንጻሩ በፈተና ዕውቀታቸውን ያስመሰክራሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ሲኖረው ለማለፍ 26ቱን መመለስ ያስፈልጋል። የዕድሜ ገደብ ስለሌለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ሊፈተን ይችላል። ፈቃዱ የግል ስለሆነ ግን ቤተሰብን አይሸፍንም። አንዱ አገልግሎት በቀላሉ ይገኛል፣ ጠባብ ነው፤ ሌላው ጥናት ይጠይቃል፣ ሰፊ ነው።

ለአገራችን አንባቢ

የሬዲዮ ፈቃድ እንደ ዕቃ በሻንጣ አይጓዝም። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው የጂ.ኤም.አር.ኤስ. ሬዲዮ በዚያ አገር ፈቃድ ቢኖረውም ያ ፈቃድ በኢትዮጵያ መብት አይሰጥም፤ የፍሪኩዌንሲው ድልድልም ከአገር አገር ይለያያል። በአገራችን ስፔክትረምን የማስተዳደርና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ከመግዛትም ሆነ ከማስመጣት አስቀድሞ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ለትምህርቱ ፍላጎት ያደረባቸው ተማሪዎች የአማተር ሬዲዮን መንገድ ቢመለከቱ መልካም ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚለው የጥሪ ምልክቱ በዓለም አማተሮች ዘንድ ይታወቃል።

ኢንጂነር ሊሆን የሚያስብ ተማሪ መሣሪያውን ከመገጣጠሙ በፊት ሁለቱንም ጥያቄዎች ሊያነሣ ይገባዋል። «ይሠራልን?» ለሚለው ፊዚክስ ይመልሳል። «የማንን ድርሻ ይወስዳል?» ለሚለው ግን መልሱ የሚገኘው አየሩን ከሚጋሩት ሰዎች ጋር ሲታሰብ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የሪፒተሩ አንቴና 225 ሜትር፣ የእጅ ሬዲዮው 1.5 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው የመገናኛው ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?
2. እያንዳንዳቸው በሰዓት 4 ደቂቃ ንግግር ያላቸው 12 ሪፒተሮች ቢያያዙ እያንዳንዱ ቻናል በሰዓት ስንት ደቂቃ ክፍት ይቀራል?
3. አንድ ባለፈቃድ በኢንተርኔት ሪፒተሩን ቢያጠፋና በዚያው መስመር ከሌላ ከተማ ቢነጋገር፣ ከሁለቱ ድርጊቶች በአሜሪካ ደንብ የሚፈቀደው የትኛው ነው? ለምን?

መልስ፦ 1. 67 ኪሎ ሜትር ገደማ። 2. 12 ደቂቃ። 3. ማጥፋቱ ይፈቀዳል፤ ከርቀት መቆጣጠር ነውና። ንግግሩን በኢንተርኔት ማጓጓዝ ግን አይፈቀድም።