ቤት ስንገባ ወለሉ ውሃ ሞልቶ ጠበቀን

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እኛ በሌለንበት ፈሶ የታች ጎረቤቶቻችንን ኮርኒስ አበላሸ። ውሃ ሲነካው የሚጮኽ መሣሪያ ይጠቅመኛል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይጠቅምዎታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ መርሳት በየቤቱ ያለ ነገር ነው። በዚያ ላይ ውሃው ሲመለስ ግፊቱ ድንገት ስለሚጨምር ያረጀ ፍሌክሲብል ሊፈነዳ ይችላል።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ከሥሩ ያሉትን ሁለት ብረቶች ውሃ ሲያገናኛቸው ይጮኻል። አብዛኛው በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም። ከሲንክ ሥር ወይም ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ፣ ወለሉ ዝቅ ባለበት ያኑሩት፤ አልፎ አልፎም በእርጥብ ጨርቅ ይሞክሩት።

ሰው በሌለበት ቤት ግን ለማን ይጮኻል? በስልክ መልእክት የሚልከው ዓይነትም ቢሆን ውሃውን አይዘጋልዎትም። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ዋናውን መዝጊያ ይዝጉ፤ በእኔ ግምት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ፣ በስውር የሚሾልክ ውሃ አለና የቧንቧ ባለሙያ ይጥሩ። ውሃው ሶኬት ጋ ከደረሰ ደግሞ ወደዚያ አይጠጉ፤ አስቀድመው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስጠሩ።