አልጎርስ ያለ ጠመንጃ

በጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወምበርማ በቆሎው ማሸት ሲጀምር የከርከሮና የዝንጀሮ ጥበቃውም አብሮ ይጀምራል። ማማ ላይ የሚያድረው ሰው የሚይዘው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ከአባት ወይም ከአያት የወረደ፣ መዝጊያው በእጅ እየተጎተተ የሚተኮስ ነው። ጥይቱ ደግሞ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። መዝጊያውን ወደ ፊት ሲገፋው መንገድ ላይ ይቆምበታል፤ አለዚያም እስከ ጫፍ ይሄድና እጀታው ወደ ታች አልወርድ ይለዋል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እጀታውን በመዳፉ ይመታዋል። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ያ መዳፍ እንዳይነሣ ነው።

ጠመንጃ ጥይት አልጎርስ የሚልበት ምክንያት ከአራት ቦታ አያልፍም፤ ከራሱ ከጥይቱ፣ ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል (የጥይት ቤት እንበለው)፣ ጥይቶቹ ከሚደረደሩበት መጋዘን፣ ወይም ከመዝጊያው ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ኃይል መጨመር ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል።

ከሁሉ በፊት አፈሙዙ ሰውም ከብትም ቤትም ወደሌለበት ይዙር፤ ጣት ከምላጭ ይራቅ። መዝጊያውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡና ጥይቱን ያውጡ፤ መጋዘኑንም ባዶ ያድርጉ። ያልተተኮሰ ጥይት የጥይት ቤቱ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ካለ በአፈሙዝ በኩል ዘንግ ከትቶ መግፋት ወይም መቀጥቀጥ ፈጽሞ አይገባም። ጠመንጃው እንዳለ፣ አፈሙዙ ወደ ማንም ሳይዞር፣ ሙያው ላለው ሰው መድረስ አለበት።

ባዶ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው። ያለ ጥይት መዝጊያውን ይግፉና እጀታውን ወደ ታች ያውርዱ። ባዶውንም ከከበደ ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም። ባዶውን ያለ ችግር ከተዘጋ ግን ጥይቱን፣ የጥይት ቤቱንና የጥይቱን አጎራረስ መጠርጠር ነው።

ጥይቱን አስቀድማለሁ፤ በጎጃም ምድር ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚገኘው እዚያው ነውና። እዚህ አገር የገባውን የጠመንጃ ዓይነት ለማየት ታሪኩን መለስ ብሎ መመልከት ይበቃል። ከዓድዋ ዘመን የመጣው ውጅግራ በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ብቻ ይጎርሳል፣ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ከቤልጅግ ያስመጧቸው የሞዘር ጠመንጃዎች 7.92 ሚሊሜትር ናቸው። በአምስቱ ዘመን አርበኛው ከጠላት የማረከው የጣሊያን ካርካኖ 6.5 ሚሊሜትር ነው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ከኋላው የነበረው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር የያዘው ደግሞ የእንግሊዝ 303 ነበር። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ባሉ መሪዎች ሥር የተዋጋው የጎጃም አርበኛ እጅ ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገናኙ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጠመንጃው በየቤቱ ቀረ፤ ጥይቱም እንዲሁ ተደባልቆ በየዝናሩ ቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥይቱና ጠመንጃው የአንድ ወገን ናቸው ወይ ነው። የ303 ቀለህ ግርጌው ላይ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው፤ የሞዘር ቀለህ ግን ከንፈር የለውም፣ ግርጌው ዙሪያውን በጎድጓዳ መስመር ተቆርጧል። የሞዘር ቀለህ ርዝመት 57 ሚሊሜትር ሲሆን የካርካኖው 52 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ምንሽርና ሎበል የሚባሉት ጠመንጃዎች ግን ያሳስታሉ፤ የሁለቱም ጥይት በወረቀት ላይ 8×50 ተብሎ ይጻፋል፣ የሎበሉ ቀለህ ግን ግርጌው በጣም ወፍራም ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

አልገባም ያለ ጥይት ቢያንስ አስጠንቅቋል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ያለ ምንም ችግር የሚገባው የተሳሳተ ጥይት ነው። ጀርመኖች በ1888 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት የመጀመሪያው የ8 ሚሊሜትር ጥይት እርሳሱ 8.08 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው። በ1905 ያሻሻሉት 8.20 ሆነ። ቀለሁ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ይጎርሳል፣ መዝጊያውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ በርሜል ውስጥ ሲጨመቅ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ብረቱን ሊበትነው ይችላል። መዝጊያው ተዘጋ ማለት ጥይቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ዓይነቱ ትክክል ሆኖም የማይገባ ጥይት አለ። በአንድ ወቅት በኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የገንዘብ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዝናር ወደ ዝናር እየዞረ አንገቱ ይጣመማል፣ ትከሻው ይጎደጉዳል። የተተኮሰ ቀለህን ባሩድ ሞልቶ እንደገና መጠቀምም የቆየ ልማድ ነው። ቀለህ ሲተኮስ በግፊቱ ይነፋና የተተኮሰበትን የጥይት ቤት ልክ ይይዛል። በመሣሪያ ተጨምቆ ወደ መጀመሪያው ልኩ ካልተመለሰ በሌላ ጠመንጃ ውስጥ ይቀረቀራል፤ በራሱ ጠመንጃ እንኳ እጀታው በግድ ይወርዳል። በእጅ የተሞላ ጥይት ደግሞ እርሳሱ ከቀለሁ ከልክ በላይ ወጥቶ ከተተከለ፣ ቀለሁ ገና ቦታው ሳይደርስ እርሳሱ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ጥርስ ይነክሳል። እንዲህ ያለው ጥይት ተመልሶ ሲወጣ እርሳሱ ላይ ትናንሽ እኩል ጭረቶች ይታያሉ፤ አንዳንዴም እርሳሱ ውስጥ ቀርቶ ቀለሁ ብቻ ይወጣል፣ ባሩዱም በመዝጊያው ላይ ይፈስሳል።

የት እንደሚነካ ለማወቅ ጥሩ ዘዴ አለ። ባሩድም ካፕሱልም የሌለው የሙከራ ጥይት ይፈለጋል፤ እሱ ከሌለ በዚያው ጠመንጃ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይሆናል። ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያጉርሱትና ያውጡት። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ የተነካካው ቦታ ነው። አንገቱ ላይ ከተፋቀ፣ ትከሻው ላይ ከተፋቀ፣ ወይም ወገቡ ላይ በአንድ ጎን ብቻ ከተፋቀ እያንዳንዱ ሌላ ነገር ይናገራል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሆነው ብዙ ጊዜ የጥይት ቤቱ ውስጥ የተጣበቀ ቆሻሻ ወይም ዝገት ነው። ይህን ፍተሻ በእውነተኛ ጥይት ማድረግ አይፈቀድም፤ ቀለሙን በሻማ ጥላሸት ለመተካት ጥይትን ወደ እሳት ማስጠጋትም እንዲሁ።

አሁን ወደ መዝጊያው። የሞዘር መዝጊያ በቀኝ ጎኑ ረጅም የብረት ጥፍር አለው፤ ሥራው ቀለሁን ከግርጌው ይዞ ማውጣት ነው። ጥይቱ ከመጋዘኑ ወደ ላይ ሲነሣ ግርጌው ከሥር ተንሸራትቶ ከጥፍሩ ጀርባ ይገባል፤ ጥይትና መዝጊያ ተያይዘው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ግን አንዲት ጥይት ብቻ ስትኖረው በጣቱ የጥይት ቤቱ ውስጥ ይከታትና መዝጊያውን ይገፋል። ያን ጊዜ ጥፍሩ የሚመጣው ከፊት ነው፤ ግርጌውን ዘልሎ መያዝ ስለሚያቅተው ከጠርዙ ጋር ይጋጫል፣ እጀታውም አልወርድ ይላል። በመዳፍ ሲመታ ወይ ይዘጋል፣ ወይ የጥፍሩ ጫፍ ይሸረፋል። ጫፉ የተሸረፈ ጥፍር ከተኮሱ በኋላ ቀለሁን ትቶት ይመለሳል፤ የሚቀጥለው ጥይት አፍንጫው ከቀረው ቀለህ ግርጌ ጋር ይላተማል። ሰውየው «ጠመንጃዬ አልጎርስ አለ» ይላል፤ የተጎዳው ግን ቀለሁን የሚያወጣው ጥፍር ነው። መድኃኒቱ አንዲቷንም ጥይት ቢሆን ወደ መጋዘኑ ተጭኖ ማስገባት፣ መዝጊያው ራሱ እንዲያነሣት መተው ነው።

የ303 ችግር ሌላ ነው፤ ከመጋዘኑ ነው። ቀለሁ ከንፈር ስላለው ጥይቶቹ መጋዘን ውስጥ ሲደረደሩ የላይኛው ከንፈር ሁልጊዜ ከታችኛው ፊት መሆን አለበት። ከኋላ ከሆነ ይቆላለፉና መዝጊያው መንገድ ላይ ይቆማል። ካርካኖ ደግሞ ስድስት ጥይት ከነቆርቆሮ መያዣው ይጎርሳል፤ መያዣው ከጠፋ ጥይቶቹን መዝጊያው መንገድ ላይ አስተካክሎ የሚይዛቸው የለም። ጥይቱ ቢገኝም መያዣው ተፈልጎ ስለማይገኝ ብዙ ካርካኖ እንደ ውጅግራ አንድ አንድ እየጎረሰ የሚንገላታው ለዚህ ነው።

ባዶውን የሚከብድ መዝጊያ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቅባቱን ነው። በየቤቱ የጠመንጃ ዘይት ስለማይገኝ የኑግ ዘይት ይቀባል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የመዝጊያው ጥርሶች የሚገቡበት ጎድጓዳ ውስጥ ከአቧራ ጋር ሲጋገር እጀታው የመጨረሻዋን ጣት ያህል መንገድ አልሄድ ይላል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠቅልሎ ያንን ጎድጓዳና የጥይት ቤቱን ዙሪያ መፈተግ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ሥራው ከእሳትና ከኩራዝ ርቆ ይሠራ።

ከጸዳ በኋላም ባዶውን ከከበደ፣ መዝጊያው ላይና የጠመንጃው አካል ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ያስተያዩ። ካልተመሳሰሉ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። በመዝጊያው ፊትና በጥይት ቤቱ መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ነው፤ ከጠበበ አይዘጋም፣ ከሰፋ ይዘጋል ግን ቀለሁ ሲተኮስ ከግርጌው በላይ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህ በመለኪያ ብረት እንጂ በግምት አይታወቅም። በሞረድ «ትንሽ ማስፋት» የሚሞክር ሰው ከእጁ ይያዝ።

ዝገትን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የቆዩ ጥይቶች ካፕሱል ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ጨዉ ከክረምቱ እርጥበት ውኃ እየሳበ የጥይት ቤቱን ይበላዋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ በተተኮሰበት ቀን መዝጊያው ወጥቶ በርሜሉና የጥይት ቤቱ በሙቅ የሳሙና ውኃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት ይቀባ። ከመተኮስ በፊት ግን የጥይት ቤቱ ውስጥ ያለው ዘይት ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ በዘይት የራሰ ቀለህ ግድግዳውን መያዝ ስለሚሳነው ግፊቱን ሁሉ በመዝጊያው ላይ ይጥላል።

ጠመንጃ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳ ማደን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ያለው ሰው ጠመንጃውን ለባለሙያ ከማሳየት የሚያግደው ነገር የለም። በፍተሻው የተለዩት ጥይቶች፣ አንገታቸው የተጣመመው፣ እርሳሳቸው የላላው፣ ዓይነታቸው የማይታወቀው፣ ተመልሰው ዝናር ውስጥ አይግቡ። እሳት ውስጥ አይጣሉ፤ እርሻ ውስጥም አይቀበሩ፣ ማረሻ ያወጣቸውና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያገኛቸዋል። በጨርቅ ተጠቅልለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ፣ በቅርብ ላለው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሰጡ።