የጋራን ሥራ በድረ ገጽ ስለ ማሳየት

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በብዙ ሰዎች ትብብር የተሠሩ ክፍት ሶፍትዌሮችን የሚያሳይ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። በተለምዶ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር፥ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ የተገለጠ፥ ማንም እንዲጠቀምበት፥ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው የተፈቀደ ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ እንረዳ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚ ስሪ ላንካን በመታ ጊዜ፥ የአገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው የጠፉ ሰዎችን፥ የመጠለያ ጣቢያዎችንና የእርዳታ ጥያቄዎችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሠሩ። ስሙንም ሳሃና አሉት፤ በሲንሃላ ቋንቋ እፎይታ ማለት ነው። በኦክቶበር 2005 ፓኪስታን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትጎዳ ይኸው ሶፍትዌር እዚያም አገለገለ። ሥራው ክፍት ስለ ነበረ ከባዶ መጀመር አላስፈለገም።

እንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱ ድረ ገጽ ዓላማ ሥራን አሳይቶ መመስገን አይደለም። የማናውቀው ሰው በችግሩ ሰዓት ሥራውን አግኝቶ እንዲጠቀምበት ማስቻል ነው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ሥራ አራት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል።

አንደኛ፥ ምን ይሠራል? ለማንስ ይጠቅማል? ይህ በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር፥ ባለሙያ ላልሆነ ሰው በሚገባ ቃል ይገለጽ።

ሁለተኛ፥ ፈቃዱ ምንድን ነው? ኮድ ለሕዝብ ስለ ታየ ብቻ ክፍት አይሆንም። ፈቃድ በጽሑፍ ካልተሰጠ በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት መብቱ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሕግ አክባሪ ሰውም ሊነካው አይደፍርም።

ሦስተኛ፥ ሥራው ዛሬም ይቀጥላል? መጨረሻ የታደሰበት ቀን ይጻፍ። የቆመውን እንደሚሠራ አድርጎ ማሳየት በአደጋ ጊዜ ውድ ሰዓት ያባክናል።

አራተኛ፥ በምን ልርዳ? ኮድ የማይጽፍ ሰው ሊተረጉም፥ መመሪያ ሊያዘጋጅ፥ ያገኘውን ስሕተት ሊያመለክት ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

እኛ በእርዳታ ሥራ ያለን ሁሉ በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባም አለ። የሶፍትዌሩ አሠራር በሥዕል ሲታይ የተረጂዎች እውነተኛ ስም፥ ፎቶግራፍና አድራሻ ፈጽሞ አይውጣ፤ ለማሳያ የተፈጠሩ ስሞች ይበቃሉ። ደግሞም ገጹ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ስፍራ እንዲከፈት ከባድ ሥዕልና ቪዲዮ አይብዛበት። ሃያ ሥራዎችን በጎዶሎ መግለጫ ከመደርደር አምስቱን አሟልቶ መጀመር ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሳሃና ከስሪ ላንካ ወደ ፓኪስታን ሊሻገር የቻለው ለምንድን ነው?

2. በአካባቢያችን ተሠርቶ ለሌሎች ሊጠቅም ሲችል ያልታወቀ ምን ሥራ አለ?

3. ከመካከላችን ኮድ የማይጽፉት በየትኛው ድርሻ ሊተባበሩ ይችላሉ?