ስም አውጣለት!

የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱምን ከመበተኑ በፊት እዚያው ዴም ሰፈር ውስጥ ቡና ጠጥተሃል? ቡና የምታፈላዋ ሀበሻ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱቅ አትሮጥም። ስኳሩ በአንድ ጣሳ፣ ዝንጅብሉ በሌላው፣ የተወቀጠው ቡና በሦስተኛው ተቀምጧል፤ ዞር ሳትል እጇን ሰዳ ታነሳለች። «ኮምፒውተር ለእኔ አይሆንም» የምትል ወዳጄ፣ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግማሽ ሥራው ይኸው ነው።

ኤክስኤምኤል መረጃን ከነስያሜው የያዘ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይጻፋል። የዚያ ቡና ቤት የዋጋ ዝርዝር በኤክስኤምኤል ፋይል ተጽፏል እንበል። ሰርቨር ላይ የሚሠራው ገጽህ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ፣ ሲምፕልኤክስኤምኤል በሚባለው መሣሪያ ፋይሉን አንድ ጊዜ ያነብና የጀበናውን ዋጋ መዝዞ ቫሪያብል ውስጥ፣ ማለትም ስም በተሰጠው ጣሳ ውስጥ፣ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ ዋጋው ገጹ ላይ አሥር ቦታ ቢያስፈልግህ ፋይሉን ደግመህ አትከፍትም። ጣሳው አጠገብህ ነው።

አንዲት ወጥመድ ግን አለች፤ እኔን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አድርጋ አሳድራኛለች። መዝዘህ ያወጣኸው ቁጥሩ ይመስልሃል፤ አይደለም፣ ቁጥሩን ያቀፈው የፋይሉ ቁራጭ ነው። ስኳሩን ከነጆንያው ጣሳ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ገጹ ላይ ስታወጣው ደህና ይመስላል፤ ለቀጣዩ ገጽ እንዲቆይህ ሴሽን ውስጥ ላኑረው ስትል ግን ፒኤችፒ እምቢ ይላል። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ከማስቀመጥህ በፊት ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ቁጥር ቀይረው። በቃ!

አሁን ደስ ወደሚለው እንምጣ። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ አማርኛን በይዘቱ ውስጥ ይቀበል ነበር፤ ስያሜዎቹን ግን በፊደላችን መጻፍ አይቻልም ነበር። የስያሜ ፊደላቱ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ 2.0 ተወስነው ቀርተው ነበርና፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ያንን አጥር አነሳው። ፒኤችፒም በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ቫሪያብል ያለ ችግር ይቀበላል። ስለዚህ ፋይልህ ውስጥ «ዋጋ»፣ ጣሳህም ላይ «ዋጋ» ብለህ መጻፍ ትችላለህ። ከባዕድ ባልደረባ ጋር ስትሠራ በእንግሊዝኛ ብትሰይም ይሻላል፤ ስትማር ግን በአፍ መፍቻህ ሰይም፤ የምትሠራው ነገር ቶሎ ይገባሃል።

የዴም ልጅ፣ ዛሬ ካይሮም ሁን መተማ፣ ማታ አምስት መስመር ፋይል ጻፍ። ስኳር፣ ዝንጅብል፣ ቡና ከነዋጋቸው ይግቡበት። አንዱን መዝዘህ አውጣና ስም አውጣለት፤ ነገ ሁለተኛውን ትጨምራለህ።