ዕዳ ጠያቂው እስከ የት ይሄዳል?

ጠያቂው ማን ነው?

በአሜሪካ የሰው ዕዳ እየገዙ ወይም በኮሚሽን እየሰበሰቡ የሚኖሩ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለባለዕዳው እንዳይደውሉ ይከለክላቸዋል። ደሴ ላይ ግን እንዲህ ያለ ድርጅት ብዙም አያጋጥምም። የሚመጣው የአበዳሪው ሠራተኛ ነው፤ ብድሩ በቡድን ዋስትና ከሆነ ደግሞ በር የሚያንኳኩት አብረው የፈረሙ ጎረቤቶች ናቸው። ይህን አሠራር በክልላችን ያስለመደው፣ በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። በእኔ ግምት ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልቅ የሚከብደው የጎረቤት ማንኳኳት ነው፤ የእድር ባልደረባን ሸሽቶ የት ይደረሳል?

ዋስ የፈረመ ሰው

አንዲት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ለጓደኛዋ ዋስ ሆነች እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሷ የምትጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተጻፈም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ተራ ዋስ ከሆነች ገና ክሱ ሲጀመር «መጀመሪያ የባለዕዳዋ ንብረት ይታይ» ማለት ትችላለች። ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ግን ይህ መከላከያ የለም። ስትፈርሙ ይህችን ሐረግ ፈልጓት።

ወረቀትና ዘመን

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ዶሮም ላይበቃ ይችላል። መክፈላችሁም የሚረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነውና ደረሰኝ ያዙ። በግለሰቦች መካከል ወለድ በጽሑፍ ተስማምተውም ቢሆን በዓመት ከ12 በመቶ አያልፍም፤ አራጣ ወንጀል ነው።

ከውል የመነጨ ዕዳ በመደበኛው በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ይሁንና ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም። ዕዳውን አምናችሁ ከፈረማችሁም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ሱቄ ተዘርፏል»

የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ ንብረቱን አጥቷል፤ የብድር ውሉ ግን አብሮ አልጠፋም። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል ሲያደርግ ነው፤ መክፈሉን ከባድ ማድረጉ ብቻ አይበቃም። ይህ ጨካኝ ይመስላል፤ እኔም ይመስለኛል። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ክስ ሳይመጣ ከአበዳሪው ጋር የክፍያ ጊዜውን በጽሑፍ ማስተካከል ነው።

መጥሪያ ሲመጣ

በጽሑፍ የተረጋገጠ የገንዘብ ዕዳ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከሰስ ይችላል። ያን ጊዜ እንደ ወትሮው መልስ ማስገባት አይበቃም፤ ተከሳሹ በቃለ መሐላ አስደግፎ የመከላከያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ይፈረድበታል።

ተፈርዶም ቢሆን ሁሉም ነገር አይያዝም። ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የእጅ ባለሙያ መሣሪያ፣ የቃሉ ወረዳ ገበሬ የሚያርስበት በሬና ዘሩ፣ የቤተሰቡ የ3 ወር ቀለብ፣ ከደመወዝም ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ሰብሳቢ «በሬህን እነዳለሁ» ቢል ማስፈራሪያ ነው፤ ንብረት የሚያዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

ለባንክ የተያዘ ቤት ከዚህ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ሥርዓቱን ከጣሰ ለጉዳቱ ይጠየቃል። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ቀኑን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ቅርንጫፉ ሂዱ።