ሆድ የሚለው ቃል ስንት ነገር ይይዛል?



በእንግሊዝኛ ትምህርት «ጌት» የምትባል ትንሽ ቃል አለች። መቀበልም፣ መድረስም፣ መረዳትም ትሆናለች። ለፈተና ብለን ትርጉሞቿን በቃላችን አጥንተናል። በአማርኛስ እንዲህ ያለ ቃል አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከቤታችን መጣ፤ ያውም በሚያሳፍር መንገድ።

ከእኛ አንዷ አያቷን ይዛ ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዳ ነበር። አያቷ ወንድማቸው ከሞቱ ገና ወር አልሞላቸውም። ሐኪሙ ምን እንደሚያማቸው ሲጠይቅ «ሆዴ ተቃጠለ» አሉ። ልጅቷም ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ሐኪሙ ጨጓራ ነው ብሎ ኪኒን ጻፈ፤ በርበሬ እንዳይበሉም መከረ። አያቷ ሳምንቱን ሙሉ አልጫ በልተው «ምን አጥፍቼ ነው?» አሉ። ነገሩ ሐዘን መሆኑን የነገሩን እናቷ ናቸው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በየቢሮው ስናስተረጉም ኖረናል፤ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተሳሳትን እንጃ።

ስለዚህ ሆድን ማጥናት ጀመርን። ሆድ የምግብ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሐዘን፣ ቂም፣ ምስጢር፣ ፍቅርም እዚያ ያድራሉ። ሆዱ የባባ ሰው ሊያለቅስ የቀረበ ነው። «ሆደ ሰፊ» ሲባል ብዙ የሚበላ መስሎን ነበር፤ ለካስ ታጋሽ ማለት ነው። ብዙ የሚበላው «ሆዳም» ነው፤ ለጥቅሙ ሲል ወገኑን የሚሸጥም በዚሁ ስም ይጠራል። «ሆደ ባሻ» በትንሽ ነገር የሚከፋው ነው። የተጣሉ ሰዎች «ሆድና ጀርባ» ሆኑ ይባላል። እናቶቻችን ደግሞ ሲያቆላምጡን «ሆዴ» ይሉናል። (አንጀት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ትተነዋል።)

በጣም ያቆየን ግን «ሆድ ይፍጀው» ነው። ከሚብጻ ሞሼ በፊትና በዚያው ዘመን፣ ማለትም እስከ 1985 ድረስ፣ በሱዳን በኩል በእግር የመጡ ዘመዶች አሉን። ስለ መንገዱና እዚያ ስለቀሩት ስንጠይቃቸው ብዙ ጊዜ መልሳቸው ይህ ነው። መናገር የማይፈልጉ፣ ወይም እኛን የናቁ ይመስለን ነበር። አሁን ስንረዳው ታሪኩ አልጠፋም፤ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጧል፣ እነሱንም እየፈጃቸው ነው። ይህን በዕብራይስጥ የሚተካ አባባል ፈልገን አላገኘንም። ዕብራይስጥ በአንድ ሰው ላይ ቅሬታ ላለው «ሆዱ በእሱ ላይ ሞልቷል» ይላል፤ ምስጢርንና ሐዘንን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልብ ይሰጣል።

ቃላቱ ራሳቸው ዘመዳሞች ናቸው። በግዕዝ ሆድ «ከርሥ» ነው፤ «ከርሰ ምድር» የምንለው ከዚያ ነው። በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 51 ላይ ያለው የዕብራይስጡ «ኬሬስ» ወንድሙ ነው። ከትግራይ የመጡ ወላጆቻችን ሆድን «ከብዲ» ይሉታል፤ በዕብራይስጥ «ካቬድ» ጉበትም ከባድም ማለት ነው።

ልጅቷ አያቷን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወሰደቻቸው። «ሆዴን» ሲሉ ዝም ብላ አልተረጎመችም።

«የትኛው ሆድዎ ነው፣ እምዬ?» አለቻቸው።

«ሁለቱም» አሉ።